ስድቡ በማይክሮፎን፣ ይቅርታው በጓዳ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ መድረክ አስተባባሪ ሳለሁ የሆነው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

የመብራት ባለሙያችን የጋምቤላ ልጅ ነበር፤ እጁ የሰለጠነ፣ ሥራው የማይዛነፍ። አንድ ቅዳሜ ምሽት ኮሜዲያኑ ቀልዱ አልሠራ ሲለው ወደ መብራት ክፍሉ አንጋጦ፣ «እስኪ ወደ ራስህ አብራው፤ ካልሳቅህ እኮ መኖርህን አናውቅም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጁ መብራቱን ከኮሜዲያኑ ፊት ላይ ንቅንቅ አላደረገም። ትዕይንቱን እስከ መጨረሻ ሠራ።

ኮሜዲያኑን ከመጋረጃው ጀርባ ጠብቄ ያዝሁት።

«ሕዝቡ እኮ ስቋል!» አለኝ።

የአሜሪካዊውን ኮሜዲያን የማይክል ሪቻርድስን ነገር አነሣሁበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ላፍ ፋክተሪ በተባለ የኮሜዲ ክለብ መድረክ ላይ ጥቁር ተመልካቾችን በዘር ስድብ ሞለጫቸው፤ በቀናት ውስጥ በቴሌቪዥን ቀርቦ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቀ።

«እርሱ ነጭ ነው» አለኝ፤ ፈጥኖ ነው የመለሰው። «እኔና ልጁ ሁለታችንም ጥቁር ነን። ጥቁር ጥቁርን በምን ይሰድበዋል?»

በዚህች አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሰውን በቆዳው ጥቁረት «ባሪያ» ብሎ መጥራት ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። ያንን ልጅ ታክሲ ውስጥ፣ ቤት ሲከራይ፣ ምሳ ሲበላ የሚከተለውን ዓይን ኮሜዲያኑ አሳምሮ ያውቀዋል። ቀልዱ ያሳቀውም ተመልካቹ ስለሚያውቀው ነው። ይህን ሁሉ ነገርሁት።

በመጨረሻ መብራት ክፍል ድረስ ወጥቶ «ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለው። ልጁ ገመዱን እየጠቀለለ፣ «ስትሰድበኝ ማይክሮፎን ይዘህ ነበር» ብሎ መለሰለት። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ፣ በመድረክ ይቅርታ ካልጠየቀ ፕሮግራሙን እንደማላስጀምር ተናገርሁ። ሥራ አስኪያጁ ትኬቱ ተሸጦ ማለቁን እየደጋገመ ቢያጉረመርምም ተስማማ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሜዲያኑ ገና ሲወጣ፣ «ባለፈው ሳምንት የመብራት ባለሙያችንን በመልኩ ሰድቤዋለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ተመልካቹ የቀልድ መግቢያ መስሎት ሳቀ፤ አጨበጨበም። በዚያች ቅጽበት እጁን አንሥቶ «የምሬን ነው» ቢል ሳቁ ይቆም ነበር። አላለም። ጭብጨባውን ተቀብሎ ወደ ሌላ ቀልድ አለፈ።