ተሳስቼ የደገምኳት ኖታ

ትናንት ማታ መድረክ ላይ የጊታር ሶሎዬን (ለብቻዬ ጎልቼ የምወጣበትን ክፍል) ጨርሼ ወደ ሪትም፣ ወደ ማጀቡ፣ ልመለስ ስል ድራመሩ አየኝና በአገጩ «ቀጥል» አለኝ። ሌላ 12 ባር፣ አንድ ሙሉ የብሉዝ ዙር! የተለማመድኩትን ሁሉ ተጫውቼ ጨርሻለሁ እኮ።

ብሉዝ ነበር፣ መነሻ ድምፁ ኤ። 5ኛው ፍሬት (የጊታሩን አንገት ከሚከፍሉት መስመሮች አንዱ) ላይ ፔንታቶኒኩን፣ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት፣ ይዤ መሮጥ ጀመርኩ (የሚለው ያጣ ሰው ኖታ ያበዛል)። በመሃል ጣቴ ስቶ ሁለተኛው ክር፣ 6ኛው ፍሬት ላይ አረፈ። የወጣው ድምፅ ኤፍ። ከስር የሚያጅበኝ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ገና ኤ ነው። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ።

ደንግጬ ብሸሽ ይታወቅብኛል። ስለዚህ ያችኑ ኖታ ደገምኳት። በሦስተኛው ጊዜ ክሩን ቀስ ብዬ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ግማሽ ድምፅ ብቻ፣ የአንድ ፍሬት ያህል። ኤፍ ሻርፕ ላይ ስደርስ 5ኛው ባር ገባና ቤዙ ወደ ዲ ዞረ። ኤፍ ሻርፕ ደግሞ የዲ ሜጀር ኮርድ ሦስተኛ ድምፅ፣ የራሱ አካል ናት። ቤቷ ገባች! ክሩ ጣቴ ስር እየተንቀጠቀጠ ዝም ብዬ ያዝኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ከመድረክ ስንወርድ ቤዝ ተጫዋቹ «ያቺን ነገር ከየት አመጣሃት?» አለኝ።

«ተሳስቼ ነው።»

አላመነኝም።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ልደግማት ሞከርኩ። ያው ክር፣ ያው ፍሬት፣ ያው አገፋፍ። ጣዕም የላትም። ሶሎ የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል መሰለኝ፤ ከስሯ ዲ ካልመጣላት ያቺ ኖታ የትም አትደርስም። አራት ጊዜ ሞክሬ ተውኩትና ለቤዝ ተጫዋቹ ደወልኩ።