አንድ ስጎ፣ ሦስት ዓይነት ተመጋቢ

በእኛ ቤት ማዕድ ላይ ሦስት ዓይነት ተመጋቢ አለ። እናቴ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ አንድም ጾም አታጎድልም፤ የአጽዋማቱ ቀን ተደምሮ በዓመት ከ180 ስለሚበልጥ፣ የዓመቱን እኩሌታ ለእሷ የሚቀርበው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ነው። ልጆቹ ማታ የተሠራውን ጠዋት በምሳ ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ። እኔና ባለቤቴ ደግሞ ደክሞን ስለምንገባ ቶሎ የደረሰውን እንበላለን። ባለቤቴ ተረኛ ሠራተኛ ስለሆነች፣ ብዙውን ማታ ድስት የምጥደው እኔ ነኝ። ሦስት ወጥ መሥራት አልችልም፤ ብችልም አልፈልግም።

ፓስታን የያዝኩት ለዚህ ነው። ስጎ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ ይቀመጣል፣ በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ ወደፈለጉት ይዞራል። የእኔ ዘዴ በሙሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነው፦ መነሻውን የጾም አድርጎ መሥራት፣ ፍስኩን መጨረሻ ላይ መጨመር። ተገላቢጦሹ አይሆንም፤ ሥጋ የገባበት ስጎ ወደ ጾም አይመለስም።

ስጎውን እሑድ ከሰዓት እሠራለሁ። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፍና አንድ ብርጭቆ በማይሞላ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ሳልቸኩል አቁላላለሁ። ለወጥ ሲሆን ሽንኩርቱን በደረቁ ማብሰል ልማዳችን ነው፤ ለስጎ ግን ከመጀመሪያው ዘይት እሰጠዋለሁ፤ የምፈልገው መጥቆሩን ሳይሆን ልስላሴውንና ጣፋጭነቱን ነው። ሁለት ካሮት ፈቅፍቄ፣ አምስት ስድስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ አስከትላለሁ። ካሮቱ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ስለሚያለዝብ ስኳር አያስፈልገኝም። ከዚያ ሁለት ኪሎ ቲማቲም። ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣውን ሞላላውን እመርጣለሁ፤ ሥጋው ብዙ፣ ውሃው ጥቂት ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ካቆየሁት ልጣጩ በጣት ይነሳል።

ቲማቲም ሲወደድ ግማሹን በቲማቲም ድልህ እተካለሁ። ድልሁን በውሃ በጥብጦ ከማፍሰስ በፊት ከሽንኩርቱ ጋር ሁለት ደቂቃ ያህል ማቁላላት ያስፈልጋል፤ ያ የቆርቆሮ ጣዕሙ የሚጠፋው ያኔ ነው። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ በቀስታ ይንተከተክ። ዘይቱ ከላይ መንሳፈፍ ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። በሶብላ ደረቅ ከሆነ እየበሰለ እያለ፣ እርጥብ ከሆነ ከወረደ በኋላ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ለሦስትና ለአራት ቀን የሚበቃው ማቀዝቀዣ፣ የቀረው በየላስቲኩ ተለክቶ ፍሪዘር ይገባል።

በጾም ቀን ድፍን ምስር ቀቅዬ፣ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ዳጥ ዳጥ አድርጌ ከስጎው ጋር አሥር ደቂቃ አንተከትከዋለሁ። ለዚህ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ያምርበታል፤ ግን መጀመሪያ በጥቂት ዘይት ይቁላላ፣ ጥሬው በስጎ ላይ ከተነሰነሰ ጉሮሮ ይይዛል። ልጆቹ ሳይጾሙም ይህንን ከሥጋው የሚመርጡበት ቀን አለ። ለፍስክ ከ300 እስከ 400 ግራም የተፈጨ ሥጋ በሌላ መጥበሻ፣ በጠንካራ እሳት ነው የምጠብሰው። ሥጋው ውሃውን ጨርሶ ቡናማ ሳይሆን ስጎ አላፈስበትም፤ ቶሎ ካፈሰሱበት ቅቅል ሆኖ ይቀራል። አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በቃ።

አሁን ወደ ውሃው። እሽጉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ በባሕር ጠለል ከፍታ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ 8 ደቂቃ የሚለው ፓስታ በእኔ ምድጃ 11ም 12ም ይወስዳል። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ያንኑ ፓስታ ቀድማኝ ታወጣለች፤ ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ 96 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እኔ የማምነው ሰዓቱን ሳይሆን ጥርሴን ነው። አንድ ፍሬ አውጥቼ እነክሳለሁ፤ መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሁ ገና ነው።

ጣሊያኖች ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ ይላሉ። እኔ ለግማሽ ኪሎው በሦስት ሊትር እሠራለሁ፤ ጋዝ ይቆጥባል፣ ውሃውም ስታርች (ከፓስታው የሚወጣው አጣባቂ የዱቄት ክፍል) ይበዛበታል፣ ያ ደግሞ በኋላ ይጠቅመኛል። ለአንድ ሊትር 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከድስቱ አልርቅም፤ ፓስታ እርስ በርሱ የሚያያዘው ያኔ ስለሆነ አማስላለሁ። ብዙ ቤት ውሃው ላይ ዘይት ይጨመራል። ዘይቱ ግን ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ መያያዙን አይከለክልም፤ ሲጠነፈፍ ፓስታውን ይለብሰውና ስጎው እየተንሸራተተ ሳህን ላይ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቁም እንዲሁ ነው፤ ለማኮሮኒ ሰላጣ ካልሆነ አልነካውም። መብራት ሄዶ በመጨረሻዋ ጋዝ ስንሠራ ግማሽ ጊዜውን ካፈላሁ በኋላ ገጥሞ በሚዘጋ ክዳን ከድኜ አጠፋዋለሁ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢጨምር እንጂ በራሱ ሙቀት ይደርሳል።

ከነገሩ ሁሉ ጣዕሙን በጣም የለወጠው ግን መጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ናት። ፓስታው ለመብሰል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውጥቼ ስጎው ወዳለበት ሰፊ መጥበሻ አዛውረዋለሁ፤ አንድ ጭልፋ የቀቀልኩበትን ውሃ ጨምሬ በጠንካራ እሳት አገላብጠዋለሁ። ስታርቹ ዘይቱንና ቲማቲሙን አስተሳስሮ ስጎውን ፓስታው ላይ ያጣብቀዋል። እናቴ የለመደችው ነጭ ፓስታ ላይ ስጎ ጉብ ብሎ ሲቀርብላት ስለሆነ አልወደደችውም። «ይኼ ምኑ ፓስታ ነው? ቀይ ወጥ አስመሰልከው እኮ!» አለችኝ። በላች ግን፤ በእንጀራ። ፓስታ በእንጀራ መብላት ለጣሊያን የሚነገር ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ነውር አላይበትም። ስጎው ወፈር ካለ እንዲያውም ከዳቦ ይሻላል።

የምሳ ዕቃው ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት የተዘጋ ምሳ ዕቃ የሚከፈተው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ማታ ሳህን ላይ ያማረ ስፓጌቲ በዚያ ሰዓት አንድ ድፍን ይሆናል። ለምሳ ዕቃ አጫጭሩን፣ ማኮሮኒ ወይም ጠመዝማዛውን ነው የምጠቀመው፤ በማንኪያም ይበላል። ከሌላው አንድ ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል፤ ስጎ በዛ ይደረግለታል፣ ፓስታው ተቀምጦም መምጠጡን አይተውምና። የከብት ሥጋ ስጎ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ሞራው ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ልጆቹ ምሳ ዕቃውን እንዳለ የሚመልሱት ለዚህ መሆኑን ሳውቅ፣ ሥጋውን ለማታ ትቼ ለትምህርት ቤት የምስሩን ወይም የአትክልቱን አደረግሁ። ከሳህን የተረፈውን ምድጃ ላይ አላሳድርም፤ ራት እንደተበላ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ ጠዋት ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ በደንብ ማሞቅ ነው። ክዳኑ የሚዘጋው እንፋሎቱ ከወጣለት በኋላ ነው፤ ያለዚያ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ተመልሶ ይወርድበታል።

ስጎ ያለቀ ቀን መፍትሔው ናፖሊዎች የሚሠሩት የነጭ ሽንኩርትና የዘይት ስፓጌቲ ነው። ፓስታው እየተቀቀለ ስድስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት በስሱ ቆርጬ በግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ በቀዝቃዛው ጀምሬ አሞቀዋለሁ፤ ወርቃማ ሲመስል የተከተፈ ቃሪያ፣ ከዚያ ፓስታውና ውሃው። ከነጭራሹ የጾም ነው። አይብ አነሰ ለሚል ሰው ደግሞ የደቡብ ጣሊያኖች መላ አለ፦ የደረቀ ዳቦ ፈጭቶ በጥቂት ዘይት እስኪንኮሻኮሽ ማመስና ላዩ ላይ መነስነስ። የቆርቆሮ ቱና ከስጎ ጋር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየቤቱ እተወዋለሁ፣ እናቴ እንደሆነች አታስቀርብም።

በፍስክ ቀን ከሁሉ የምወደው ግን አይብ በቆስጣ ነው። ጣሊያኖች ሪኮታ የሚሉትን ለስላሳ አይብ ከስፒናች ጋር የሚያደርጉትን የእኛ አይብ አሳምሮ ይሠራዋል። ቆስጣውን ነጭ ሽንኩርት በገባበት ዘይት አልሰልሳለሁ፣ አይቡን ከእሳት አውርጄ በፓስታው ውሃ አቀጥነዋለሁ፣ አዋህዳለሁ። አይብ እንደ ፎርማጆ ቀልጦ ስለማይሳብ እሳት ላይ ከቆየ ይፈረፈራል። ቅቤ የሚያምረው ሰው ቢጨምር አልቃወምም፤ የተነጠረ ቅቤ ግን በኮረሪማውና በጥቁር አዝሙዱ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍነዋል፣ እኔ እተወዋለሁ።

ቅዳሜ ጊዜ ሲኖር በእጅ እንሠራለን። የታወቀው መጠን ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ነው። ያ ግን ከ55 እስከ 60 ግራም ለሚመዝን እንቁላል ነው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ በጣም ስለሚያንስ ለ400 ግራም ፉርኖ ዱቄት አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት እፈልጋለሁ። ሊጡ ለዳቦ ከሚሆነው ጠንከር ይላል፤ አሥር ደቂቃ ይታሻል፣ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ዕረፍቱን ማሳጠር አይቻልም፤ ያላረፈ ሊጥ በመዳመጫው ስር እየተሸበሸበ ይመለሳል። የእጅ ጀርባ እስኪያሳይ ከሳሳ በኋላ ዱቄት ነስንሶ፣ ጠቅልሎ በቢላ መቆራረጥ ነው። ቅርጹ ባይመሳሰል ማንም አይከስም። እርጥብ ስለሆነ አራት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ለጾም እንቁላሉን 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይተካዋል። ይህን ሊጥ አልዳምጠውም። ቱስካና ውስጥ በሲዬና አካባቢ ፒቺ የሚሉት ፓስታ አለ፤ ሊጡ በመዳፍ ጠረጴዛ ላይ እየተንከባለለ እንደ ወፍራም ክር ይረዝማል። መዳመጫም ማሽንም አይፈልግም፣ ለልጆችም ሥራ ነው። ወፍራም ስለሆነ ከሌላው ትኩስ ፓስታ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀላል። ገበያ ላይ የዱረም፣ ማለትም ደረቅ ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራ ስንዴ፣ ዱቄት ከተገኘ ለዚህኛው ሊጥ እሱ ይመረጣል፤ ሲነከስ ይጠነክራል። ዱረም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. እዚህ መጥቶ የስንዴአችንን ዓይነት ብዛት ሲያይ ተደንቋል፤ እኛ ደግሞ ፓስታውን ከውጭ በመርከብ ስናስመጣ ኖርን። ይህን ሳስብ ትንሽ ይከነክነኛል።

ፓስታ ፎርኖ የእንግዳ ቀን ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። ለነጩ የወተት ስጎ፣ ለአንድ ሊትር ወተት 80 ግራም የገበታ ቅቤና 80 ግራም ዱቄት፣ ጥቂት ገውዝ። ማኮሮኒው ግማሽ ብስል ሆኖ፣ የሥጋው ስጎ ቀጠን ብሎ መግባት አለበት፤ ውስጡ ገብቶ የሚመጠው ፈሳሽ ካላገኘ ደርቆ ይወጣል። ኦቨን ለሌለው በወፍራም ድስት፣ በዝግ እሳት፣ ተከድኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ላዩ አይቀላም፤ ታቹ ግን ቅርፊት ያወጣል።

ስፓጌቲ ሲተርፍ ለሁለት ሳህን ያህሉን ከአራት እንቁላል ጋር መትቼ፣ በዘይት በደንብ በሞቀ መጥበሻ ላይ ዘርግቼ በቀስታ አበስለዋለሁ። ታቹ ሲቀላ በሳህን ገልብጦ ሌላውን ጎን። በረድ ሲል እንደ ኬክ ተቆርጦ ምሳ ዕቃ ይገባል፤ አይደፋም፣ ማንኪያም አይፈልግም። በጾም ቀን ደግሞ ያንኑ ትራፊ ያለ እንቁላል፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ፣ ታቹ እስኪንኮሻኮሽ ሳልነካካ እጠብሰዋለሁ። ያቺ ታች የያዘችው የእናቴ ናት፤ ልጆቹ ከጾም ቀን ውጭ ቢሠራላቸውም ለእሷ አስቀድመው ይከራከሩላታል።