ስኬት በኪሎ

«እማዬ፣ ትርፍ ጊዜዬን በሙሉ ስኬት ላይ ነኝ» አልኳት በስልክ። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ልጇ አሜሪካ ስኬት ላይ መድረሱን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ጣውላ ላይ አራት ጎማ ገጥመው የሚንሸራተቱበት ነገር መሆኑን ያስረዳኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ የኩሽኔታ ጋሪ አትለኝም? ጉልበትህን ስትገሸልጥበት ያደግከው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰፈራችን ቁልቁለት ነው። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመን፣ ከአጥር የነቀልነውን ጣውላ ቸንክረን እንወርድበት ነበር። ፍሬኑ የጫማችን ተረከዝ ነው። ማታ ጅራፍ የሚያስቀምሰንም ጉልበታችን ሳይሆን ጫማው ነበር።

በፈረንጆቹ 2011 በዲቪ ዋሽንግተን ዲሲ መጣሁና እንደ ብዙው ያገሬ ልጅ ፓርኪንግ ገባሁ። ምድር ቤት፣ ማታ ሺፍት። አለቃዬ የመጀመሪያ ቀን የሰጠኝ ትእዛዝ «ስኬት የሚነዱ ልጆች ከመጡ አባር» የሚል ነው። ልጆቹ የሚመጡት ከፍሪደም ፕላዛ ተባረው ነበር። ያ አደባባይ ስሙን ያገኘው በፈረንጆቹ 1988 ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ነው፤ «ሕልም አለኝ» ያሉበትን ንግግር ያዘጋጁት አጠገቡ ባለው ዊላርድ ሆቴል ነበርና። ስኬተሮቹ ግን ፑላስኪ ነው የሚሉት፤ ለስላሳ ድንጋዩንና ጠርዞቹን ይወዱታል። መንሸራተት ክልክል ስለሆነ ፖሊስ ሲመጣ ይበተናሉ። ነፃነት በሚባል አደባባይ! ከዚያ እኔ ዘንድ ሲመጡ ደግሞ እኔ አባርራለሁ።

አንድ ክረምት፣ በረዶ ሲጥል፣ ማባረር አቃተኝ። ሦስተኛው ምድር ቤት ባዶ ነበር፤ አለቃዬም ቤቱ። ከመካከላቸው አንዱ ሲሄድ ጅራቱ የተበላ ቦርዱን ትቶልኝ ሄደ። ዕድሜዬ 29 ነበር። ያን ዓመት የወደቅኩትን ሰባት ዓመቴ ላይ አልወደቅኩም።

በፈረንጆቹ 2016 አዲስ አበባ ውስጥ የኮንክሪት ስኬት ፓርክ መሠራቱን ስሰማ አላመንኩም። ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የሚባል ድርጅትና ከየአገሩ የመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ ከአዲስ አበባ ስኬተሮች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። በዓመቱ ለእረፍት ስሄድ እናቴን ስሜ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ቀጥታ ወደዚያ ነው የሄድኩት። ፓርኩስ አለ። ቦርዱ ነው የሌለው። አንድ ቦርድ ለአምስት፣ ለስድስት ልጅ፤ ተሰልፈው፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቀበለዋል። የሚሸጥበት ሱቅ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ልጅ በሁለት የተሰበረ ቦርድ በላሜራ ጠግኖ ሲነዳ አየሁና ቃል ገባሁ። በደስታ ሰዓት ቃል አይገባም፤ ያኔ ማን ይንገረኝ?

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዲሲ ያሉ ልጆች ቦርድ ቶሎ ይቀይራሉ። 9ኛው ጎዳና ላይ ካሉት የኛ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ሾው የሚባል ስኬት ፓርክ አለ፤ እዚያ እየሄድኩ ያረጀውን እለምናለሁ። ይሰጡኛል። የመኝታ ቤታችን ቁምሳጥን ሞላ፣ ከአልጋው ሥር ሞላ፣ ባለቤቴም «አንተ ሰውዬ፣ ጣውላ ቤት ነው እንዴ ያገባሁት?» አለች።

ችግሩ ኪሎው ነው። ጣውላው ብቻ ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ ብረቱ፣ ጎማውና ኩሽኔታው ሲገጠም ከሁለት ኪሎ ያልፋል። አንድ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት፤ ያም ቢሆን ገና ከመሞላቱ በፊት በመድኃኒት፣ በጫማና በአክስት ልጅ ስልክ የተያዘ ነው። ስለዚህ የኔ ፕሮጀክት የሚባለው ነገር፣ ፈረንጆቹ ወረቀት ላይ ራእይ ምናምን ብለው የሚጽፉት፣ ሲገለጥ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ሁለት ኪሎ ቦታ አለህ?»

ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ጠየቅኩ። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ሰው አገር ቤት መሄዱን ይደብቀኝ ጀመር። የባሰውን ልናገር፦ አባቱ ያረፈበትን ሰው ልናጽናና ለቅሶ ቤት ሄደን፣ በማግስቱ እንደሚበር ስሰማ «ሻንጣህ ሞልቷል?» አልኩት። ባለቤቴ ክንዴን ቆንጥጣ ሰንበር አወጣችብኝ። ሰውየው ዓይኑ እንዳበጠ አየኝና «ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ። ሁለት ቦርድ ወሰደልኝ። እስካሁን ስንገናኝ ቀና ብዬ አላየውም። ሌላው ደግሞ አራት ወስዶ ለእህቱ ልጆች አከፋፍሎ መጣ። «ልጆች አይደሉ?» አለኝ። ምን እላለሁ? ልጆች ናቸው።

ገንዘብም ሞክረናል። 14 ሆነን በቴሌግራም ግሩፕ በየወሩ 20 ዶላር ልናዋጣ ተስማማን። በሦስተኛው ወር ስድስት ቀረን። በዓመቱ ሁለት፤ አንዱ እኔ፣ ሌላዋ ባለቤቴ። እነዚያው ሰዎች እቁባቸውን አንድ ወር አያስተጓጉሉም፤ እቁብ ነገ ለራስ ይደርሳል። የኔ ማኅበር ውስጥ ዕጣ የሚደርሰው ለማያውቁት ልጅ ነው። አልፈርድባቸውም። ትንሽ ግን እፈርድባቸዋለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ግቢው ውስጥ ሁሉም ለተፈናቀለ ሲያዋጣ እኔ ከቦርዴ ጋር ቆሜአለሁ። አንዲት እናት፣ እትዬ የምላቸው፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ ለመንሸራተቻ ይለመናል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ማንንም አልጠየቅኩም። አዲስ አበባ ያለው ልጅ፣ ዕቃውን የሚረከበኝ፣ በየወሩ «ጋሼ፣ ጎማው አለቀ» ብሎ ይጽፍልኛል። አንብቤ እዘጋዋለሁ።

በዚያው ዓመት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ስኬት ቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። የ13 ዓመቷ ጃፓናዊት ሞሚጂ ኒሺያ ወርቅ ስትወስድ እናቴ በቴሌቪዥን አይታ ደወለችልኝ። «ይቺ ሕፃን በአንተ ጋሪ ወርቅ አገኘች። የአንተስ ስኬት የታለ?» አለችኝ። ያን ቀን ስቄ አላባራሁም። ማታ ለልጁ መልስ ጻፍኩለት።

በርቀት የሚሠራ ነገር ምን እንደሚጎድለው ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለ ኩሽኔታ ስጨነቅ «ጋሼ፣ እሱን ተወው» አለኝ። የስኬት ኩሽኔታ ቁጥሩ 608 ነው፤ በመሐል ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር፣ በውጭ 22። ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ የሚገባው ያው ነው። መርካቶ ዞሮ አገኘው። ስንት ኪሎ ኩሽኔታ ነው በሰው ሻንጣ ያስጫንኩት! አንድ ጊዜ እንኳ «ምን ልላክልህ?» ብዬ አልጠየቅኩም ነበር፤ የምልከው ዲሲ የተረፈውን ነው።

አሁን ፓርኩ የኔን እጅ አይጠብቅም። ሶስና ቻላ የመሠረተችው የሴቶች ቡድን አለ፤ ልጃገረዶቹ ሲነዱ በቪዲዮ ሳይ እኔ ገና ኦሊ፣ ቦርዱን ከእግር ጋር ከመሬት የሚያስነሳውን ዝላይ፣ ለመዝለል የምሰቃየው ሰውዬ አፍራለሁ። ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ይቆጨኛል። ቁጭቱን ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ለገና ልሄድ ነው። የማጓጉዘው የራሴን ሻንጣ ስለሆነ ማንንም አልለምንም ብዬ ነበር፤ የእናቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ የባለቤቴ እህት ብርድ ልብስ፣ ሳላስበው ከሰው የተቀበልኩት ሦስት ፖስታ፣ ለካ እኔም ተለማኝ ነኝ። ሚዛን ላይ ሳወጣው አምስት ኪሎ ተረፈኝ። ሁለት ቦርድ ማለት ነው። ከአልጋው ሥር 19 አለ።

ደወልኩለት። «አምስት ኪሎ አለኝ፤ ምን ላምጣ?»

«ጫማ» አለ ወዲያው። ቦርዱ ላይ የሚለጠፈው ብርጭቆ ወረቀት ጫማ ይበላል፤ እናቶቻቸው ከፓርኩ ሊያስቀሯቸው ነው። «41 እና 42። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ጋሼ። ሶሉ ብቻ ጠፍጣፋ ይሁን።»