ከፊደል ገበታ ያመለጡ ግመሎች

የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ሥራዬ የመረጥኩት አዲስ የአማርኛ ፎንት መሥራትን ሲሆን፣ ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለቤተሰቤ ማስረዳት ግን ከሥራው ራሱ የከበደ ነበር። ለቡና የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ልጇ ምን እያጠና እንደሆነ በጠየቋት ቁጥር እናቴ "ሀ ሁን እንደገና እየጻፈ ነው" የሚል መልስ ትሰጥ ስለነበር፣ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ሰፈራችን ኮሌጅ ገብቶ ሀ ሁ ያስቸገረው ልጅ አድርጎ መዝግቦኝ ከረመ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን እንዲያውም መንገድ ላይ አስቁመውኝ የልጅ ልጃቸውን የፊደል ገበታ ሊያውሱኝ ፈቃደኛ መሆናቸውን በአዘኔታ ነገሩኝ፤ ገበታው በእርግጥ ያስፈልገኝ ስለነበር አመስግኜ ተቀበልኩ።

ፎንቱን "ቀፊራ" ብዬ ሰየምኩት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለውን የቀፊራ ገበያ የሚያውቅ ሰው የበሮቹን ቅስት ያስታውሳል፤ እኔ ደግሞ እነዚያን ቅስቶች ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ፊደል ነበር። በ አንድ በር ናት፣ ጠ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት በሮች ናት። ሐሳቡ በእርሳስ ሲነደፍ ያማረ ቢሆንም፣ ከግዕዝ ወደ ራብዕ ስንደርስ ግን የባ ግራ እግር ማጠር ስላለበት ቅስቱ ባንድ እግሩ ቆሞ የሚወድቅ መሰለ። ይህን ለማስተካከል ያጠፋሁት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቀኝ እግሩን ባወፍረው ፊደሉ አካፋ ይመስላል፣ ባቀጥነው ደግሞ ከጎረቤቱ ቤ አጠገብ ሲቆም የታመመ ይመስላል። በድሬ ሙቀት ላፕቶፑ እየጋለ በየመሃሉ ይጠፋ የነበረውን አልቆጥረውም።

የላቲን ፊደል የሚሠራ ተማሪ ትልቁንና ትንሹን ደምሮ 52 ቅርጽ ሲነድፍ፣ የእኛ 33 ቤቶች በሰባት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ 20 የግዕዝ ቁጥሮች፣ ነጥቦቹና ሠረዞቹ፣ እንዲሁም ዲቃላ የምንላቸው እነ ሏ፣ ሟ እና ቷ አሉ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ በግዕዝ ፊደል ሲያሳትም፣ ዘመኑ እያንዳንዱ ቅርጽ በብረት ተቀርጾ ከቀለጠ እርሳስ የሚወጣበት ነበር፤ ይህን ሳስብ ማውስ እየጎተትኩ የማማረር መብቴ በጣም ይጠብብኛል፣ ሆኖም አማርሬአለሁ።

ወደ ግመሎቹ ልምጣ። የእኛ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ደግሞ ከእናት ቤታቸው ወጥተው በየራሳቸው ረድፍ አምስት አምስት ሆነው ተቀምጠዋል። ያወጣነው የሥራ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የየቤቱን ሰባት ቅርጾች፣ በመጨረሻ እነዚህን 20 ቅርጾች የሚል ስለነበር ረድፎቹ ለጊዜው ባዶ ነበሩ። ባዶ ቦታ ግን በፎንት ሥራ አደገኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያጣውን ፊደል ከሌላ ፎንት ተበድሮ ስለሚያሳይ፣ ያልተሠራው የተሠራ መስሎ ያልፋል። ስለዚህ መምህሬ "ያልጨረስከው ቦታ ላይ ከሩቅ የሚታይ ነገር አስቀምጥ" ብለው አዘዙኝ። ከሩቅ የሚታይ ነገር ደግሞ ለድሬ ልጅ ግመል ነው። አንዲት ግመል በችኮላ ነድፌ በ20ዎቹም ቦታ ላይ አስቀመጥኳት፤ ስፋቷ የሁለት ፊደል ያህል ሲሆን፣ ፊቷ ወደ ግራ የዞረ በመሆኑ ከጽሑፉ በተቃራኒ ትሄዳለች።

ለመጀመሪያው ግምገማ የናሙና ወረቀት ለማሳተም ወደ አንድ ማተሚያ ቤት በሄድኩበት ጊዜ፣ የቤቱ ልጅ ፍላሼን ሰክቶ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገለበጠ፤ በእነዚህ ቤቶች ይህ እንደ ሰላምታ የሚቆጠር ነገር ነው። ናሙናዬ ታተመ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ቀፊራ ግን እዚያው ቀረ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ሳቢያን ውስጥ ባለ አዳራሽ ተደገሰ። ሙሽሪት ከሽኒሌ በኩል ግመል በማርባት ከሚታወቅ ቤተሰብ ስትሆን፣ የወንዱ ወገን ደግሞ ከባጃጅ የሚበልጥ ነገር ነድቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ነው። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን በ ነበር፤ የፈጠሩት ፊደል ሜትር አክሎ ሲታይ የሚሰጠው ደስታ የሚነገር አይደለም፣ ለጥቂት ሰከንድ ያህል አባት የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ቀጥሎ ግመሏን አየኋት።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስታውስ፤ በአገራችን "እንኳን" ሳይል የሚጀምር የደስታ ባነር የለም። በሩ ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለው ጽሑፍ እን ብሎ ጀምሮ፣ ግመል አቁሞ፣ ን ብሎ ይጨርሳል። ውስጥ ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ በተሰቀለው ባነር ላይ "እንኳን ደስ ያላችሁ" የሚለው ሌላ ግመል ይዟል፤ ከሥሩ "ከጓደኞቻችሁ" የሚለው ደግሞ ሦስተኛዋን። የማተሚያ ቤቱ ልጅ፣ እንግዳ ሆኖ ተጋብዞ ስለነበር፣ በኩራት ወደ እኔ መጥቶ "አቦ ፎንትህ አንደኛ ነው! ድሬ ላይ የተሠራ ፎንት ግመል ባይኖረው ነበር የሚገርመኝ" አለኝ። ግመሏን ለሠርግ የታሰበ ጌጥ አድርጎ ነበር የተረዳት።

እንግዳው በአብዛኛው ፈገግ ብሎ አለፈ። የሙሽሪት አጎት ግን፣ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰው፣ ከባነሩ ሥር ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም የወንዱን ሽማግሌዎች ጠርተው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ "በጥሎሹ ጊዜ ስለ ግመል የተነገረን ነገር አልነበረም፤ እናንተ ግን በጽሑፍ አውጥታችሁታል። ሦስት ናቸው፤ ቆጥሬአለሁ" አሏቸው።

የወንዱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ባነሩን መነጽር አድርገው ካነበቡ በኋላ "ይህ እኮ ኳ ነው" ለማለት ሞከሩ፤ አጎትየው ግን "አባቴ፣ እኔ ፊደል ላላውቅ እችላለሁ፣ ግመል ግን ወላሂ አልሳሳትም" ብለው ዘጉት። አባትየው ተጠሩ፣ ሚዜው ተጠራ፣ የማተሚያ ቤቱ ልጅ ተጠራ፤ እሱም ያለ ምንም ርኅራኄ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

በሁለት ቤተሰብ ሽማግሌዎች መካከል ቆሜ ስለ ዩኒኮድ ረድፎች ማስረዳት ጀመርኩ። ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ለምን ለብቻቸው እንደተቀመጡ ስናገር አጎትየው በጥሞና አዳመጡኝ፤ ስጨርስ "ስለዚህ በጠቅላላው 20 ግመል አለህ ማለት ነው" አሉ። አዎ አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ። ጠጋ ብለው ባነሩን እንደገና መረመሩና "እነዚህን ግን አልወስድም፤ እግራቸው ሦስት ነው። ሁለተኛም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል፣ ሊያመልጡ ነው" ሲሉ ነበር ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቁ ያመለጣቸው። አዳራሹ በሙሉ ተከትሎ ሳቀ፤ የሙሽራው አባት ግን ከሁሉም ዘግይተው የሳቁ ሲሆን፣ ላባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቻለሁ። እግሯን በተመለከተ አጎትየው ትክክል ነበሩ፤ አራተኛው ከሌሎቹ ኋላ ተሸፍኗል ብዬ የተውኩት ነበር።

ከዚያ በኋላ 20ዎቹን ቅርጾች ነድፌ ፎንቱን ጨረስኩ፤ ለመመረቂያ ግምገማ ሲቀርብም ገምጋሚዎቹ የኳን ቅስት አመሰገኑ። የተጠናቀቀውንም ቅጂ ለማተሚያ ቤቱ ልጅ ወስጄ በአሮጌው ምትክ እንዲጭነው ሰጠሁት። እሱ ግን አዲሱን ከፍቶ "እንኳን" ብሎ ጻፈና ፊቱ ጠቆረ። የግመል ወተት የሚሸጥ ደንበኛ ሠርጉ ላይ ያየውን ፊደል ለሱቁ ታፔላ አዝዞት እንደነበር፣ ነገር ግን "የግመል ወተት" ተብሎ ሲጻፍ አንድም ግመል ስለማይወጣ መላ እንደጠፋው ነገረኝ። ወ ላይ አንዲት ግመል እንድጨምርለት ለመነኝ፤ ክፍያም እንዳለው ጠቆመኝ። ወ ከአማርኛ በጣም ከሚያገለግሉ ፊደሎች አንዱ መሆኑን፣ ይህንን ባደርግ በአንድ ገጽ ላይ መንጋ እንደሚሰማራ ነግሬው እምቢ አልኩ።

በሳምንቱ በዚያ በኩል ሳልፍ ታፔላው ተሰቅሎ አገኘሁት። አዲሱን ቅጂ አልጫነውም፤ በአሮጌው ቀፊራ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ "እንኳን ወደ ግመል ወተት መሸጫችን በደህና መጣችሁ" ተብሎ ተጽፏል፤ አራተኛውንም እግር ባለሱቁ በቀለም አስጨምሮላታል።