ቪኤፍአይኦ ከዩአይኦ በምን ይሻላል?

የመሣሪያ ድራይቨርን ከከርነል (ከስርዓተ ክወናው እምብርት) አውጥቶ እንደ ተራ ፕሮግራም ለመጻፍ ሊኑክስ ላይ የታወቁት መንገዶች ሁለት ናቸው። ዩአይኦ በ2.6.23 (እ.ኤ.አ. 2007) ገባ፤ ቪኤፍአይኦ በ3.6 (2012) ተከተለው። አዲሱ ይፈጥናል ሲባል ይሰማል፤ እኔ አይዋጥልኝም። ሁለቱም የመሣሪያውን ሬጅስተሮች (መሣሪያው የሚታዘዝባቸውን ትንንሽ ማስቀመጫዎች) በኤምማፕ፣ ማለትም ከፕሮግራሙ የሚሞሪ አድራሻዎች ጋር በማገናኘት፣ አምጥተው ለፕሮግራሙ ያስረክባሉ። ከዚያ ወዲያ ንባቡና ጽሑፉ በፕሮሰሰሩና በካርዱ መካከል ነው፤ ከርነሉ አይገባበትም።

ልዩነቱ ዲኤምኤ ላይ ነው፤ ይህም ካርዱ ያለ ፕሮሰሰሩ እገዛ ሚሞሪን በቀጥታ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ ነው። ዩአይኦ ስለ ዲኤምኤ ደንታም የለው። ፕሮግራሙ ራሱ ሀጅ ፔጅ (ከተራው 4 ኪሎባይት የሚበልጥ የሚሞሪ ገጽ) ይይዛል፣ ፊዚካል አድራሻውን ከፔጅማፕ (ከርነሉ የገጾቹን አድራሻ የሚያሳይበት) ፋይል ያነባል፣ ለካርዱም ይሰጣል። አድራሻውን ለማየት የሩት ሥልጣን ያስፈልጋል። ክፋቱ፣ በዛሬዎቹ ከርነሎች ሥልጣን የሌለው ፕሮግራም ሲያነብ የሚመጣለት ስህተት ሳይሆን ዜሮ ነው። ዜሮውን ሳይፈትሽ ለካርዱ የሚያቀብል ኮድ ፊዚካል አድራሻ ዜሮ ላይ ያስጽፋል። አይኦኤምኤምዩ (ካርዱ የትኛው ሚሞሪ ላይ መድረስ እንደሚችል የሚቆጣጠረው ሃርድዌር) ካልጠበቀ በቀር ካርዱን የሚከለክለው የለም፤ ማሽኑም ቆይቶ፣ ከድራይቨሩ ጋር ምንም በማይገናኝ ቦታ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው።

ቪኤፍአይኦ ይህን በር በአይኦኤምኤምዩ ይዘጋዋል። ካርዱ የሚደርሰው ፕሮግራሙ ያስመዘገበው ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጥያቄው ይታገድና የከርነሉ መዝገብ ላይ ፎልት ይጻፋል።

ኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ላይም ይበልጣል። የዩአይኦ አጠቃላይ የፒሲአይ ድራይቨር የሚያውቀው አሮጌውን የኢንተራፕት መስመር ብቻ ነው። ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር ከርነሉ መስመሩን ይዘጋዋል፤ የኮማንድ ሬጅስተሩን ቢት 10 አጥፍቶ መስመሩን መልሶ መክፈት የፕሮግራሙ ፈንታ ነው። የመጀመሪያው ኢንተራፕት መጥቶ ሁለተኛው ከቀረ፣ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው። ቪኤፍአይኦ ግን ኤምኤስአይ ኤክስን (አንድ መሣሪያ ያለ መስመር፣ በመልእክት ብዙ ኢንተራፕት የሚልክበትን አዲሱን ዘዴ) ይደግፋል፤ ለእያንዳንዱ ኢንተራፕት የራሱን ኢቨንትኤፍዲ (ፕሮግራሙ ምልክቱን የሚጠብቅበት ፋይል መሰል መያዣ) ይሰጣል።

አሠራሩ አጭር ነው። አይኦኤምኤምዩ በባዮስም በቡት መስመሩም ይበራ፤ ካርዱ ከያዘው ድራይቨር ይላቀቅ፤ በካርዱ የሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መሣሪያዎችን በፋይል መልክ የሚያሳይበት) ማውጫ ውስጥ ድራይቨር ኦቨርራይድ የሚባለው ፋይል ላይ የቪኤፍአይኦ ፒሲአይ ድራይቨር ስም ይጻፍ፤ ከዚያ ፕሮብ ይደረግ፣ ማለትም ከርነሉ ድራይቨሩን ከካርዱ ጋር እንዲያገናኝ ይታዘዝ።

ሦስት ነገሮች ያስቸግራሉ። አንደኛው ግሩፕ (አይኦኤምኤምዩ ለያይቶ ሊጠብቃቸው የማይችል መሣሪያዎች ስብስብ) ነው፦ በአንድ የአይኦኤምኤምዩ ግሩፕ ካሉ መሣሪያዎች አንዱ እንኳ በተራ የከርነል ድራይቨር ከተያዘ ግሩፑ አይከፈትም። መንስኤው ብዙ ጊዜ ኤሲኤስ (መሣሪያዎች በቀጥታ እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚቆጣጠረው ባህርይ) የሌለው የፒሲአይ ስዊች ነው፤ ካርዱን ወደ ሌላ ስሎት ማዛወር አንዳንዴ ያድናል። ግሩፑን በግድ የሚከፋፍለውን ፓች አልመክርም፤ ስሙን ይለያያል እንጂ መሣሪያዎቹን አይለያይም። ሁለተኛው የተቆለፈ ሚሞሪ (ወደ ዲስክ እንዳይወጣ የተያዘ ሚሞሪ) ገደብ ነው። ነባሪው ከ5.16 ወዲህ 8 ሜጋባይት ነው፤ 1 ጊጋባይት ላስመዝግብ ያለ ፕሮግራም ሚሞሪ ሞልቶ ተርፎ እያለ ሚሞሪ የለም ይባላል። ሦስተኛው የምዝገባ ብዛት ነው፤ ነባሪው ጣሪያ 65535 ነው። በ4 ኪሎባይት ቁራጭ የሚያስመዘግብ 256 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። ስህተቱ «ቦታ የለም» ስለሚል ዲስክ ሲፈትሹ የሚውሉ አሉ። መፍትሔው ባለ 2 ሜጋባይት ሀጅ ፔጅ ነው።

ዲኤምኤ የሌለው፣ ጥቂት ሬጅስተሮችና አንድ ኢንተራፕት ብቻ ላለው መሣሪያ ይህ ሁሉ ጣጣ ትርፍ ነው፤ ዩአይኦ ይበቃል። አይኦኤምኤምዩ በሌለው ማሽን ላይ ቪኤፍአይኦን ያለ አይኦኤምኤምዩ ማስኬድ ይቻላል፣ ግን ከርነሉ ራሱን «ታይንትድ» (የተበከለ) ብሎ ይመዘግባል፣ የዲኤምኤ ጥበቃውም የለም። ያኔ የተገኘው ኤምኤስአይ ኤክስ የተጨመረበት ዩአይኦ ነው።