አሥራ አንደኛዋ ብጣሽ ወረቀት

ማንቸስተር ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ቤት ለቤት ነው የምዞረው። ጠዋት አንዱን አጥባለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ቤት። በእነዚህ ዓመታት ብርጭቆ ሰብሬያለሁ፣ ሾርባ አሳርሬያለሁ። አንዴም በር ከፍቼ የአንዲት ባልቴት ድመት አምልጣኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰፈሩን ሳስስ ውያለሁ። እንደ ሙዚቃ ሸክላው ጉዳይ ያሳፈረኝ ግን የለም።

ሰውዬው ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው ደክሟል። አፋቸው አልደከመም። በልቤ "ጋሼ" ነው የምላቸው። በአፌ ግን አገሩ እንደሚያደርገው በስማቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ፤ ይሄን ነገር ምላሴ እስካሁን አልለመደውም።

ሐሙስ ሐሙስ ጓደኛቸው ብስኩት ይዘው ይመጣሉ። እኔ ሻይ አፈላለሁ። የመጀመሪያው ሐሙስ ኩሽና ሆኜ ጩኸት ሰማሁ። "ጆሮ የለህም! ድሮም አልነበረህም!" ይላል አንዱ። ጠረጴዛ ተደበደበ። ሽማግሌዎቹ ሊፈነካከቱ ነው ብዬ ለቢሮ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ ሁለቱም ፊታቸው በርቷል። መሐላቸው አንድ የሸክላ ሽፋን ተቀምጧል። ወዲያው ገባኝ። አባቴና ጎረቤታችን ጥላሁን ይበልጣል፣ መሐሙድ ይበልጣል እያሉ ሲጨቃጨቁ ነው ያደግኩት። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

የእነዚህኞቹ ጠብ ስለ አንድ ባንድ ነው። "የስ" ይባላል፤ በ1968 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የሮክ ባንድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ስሙ በእኛ "አዎ" ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን አዎ ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም። ሙዚቃው ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት ዓይነት ነው። እኛ ቤት የነበረው ትንሹ ሸክላ ፊቱ አንድ ዘፈን፣ ጀርባው አንድ ዘፈን ነበር፤ ቶሎ ያልቃል። የእነዚህ ሰዎች አንዱ ዘፈን ግን የትልቁን ሸክላ አንድ ገጽ ሙሉ ይበላል። በ1972 የወጣው "ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ" የሚባለው አልበም ሦስት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ የመጀመሪያው ከ18 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። እሱ አንደኛ እንደሆነ ሁለቱም ይስማማሉ። ቀረጻው እንዳለቀ ከበሮ መቺው ቢል ብሩፎርድ ባንዱን ጥሎ ኪንግ ክሪምሰን ወደሚባል ሌላ ባንድ መግባቱን ጋሼ እስከዛሬ ይቅር አላሉትም። "ድግሱ ሳይበላ ሙሽራው ወጣ" የሚል ስሜት አላቸው።

ጠቡ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ነው። "ሪሌየር" የሚባለው አልበም ይቅደም ወይስ "ፍራጃይል" የሚባለው? ጋሼ በ1977 ለወጣው "ጎይንግ ፎር ዘ ዋን" ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ስዊዘርላንድ ነው የተቀረጸው። ኦርጋኑ ያለው ቬቬይ የምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ስቱዲዮው ያለው ሞንትሩ። ድምፁን በስልክ መስመር ነው ያሻገሩት። ይሄን በነገሩኝ ቁጥር አዲስ እንደሰማ ሰው እገረማለሁ፤ እሱም የሥራዬ አካል ነው።

ዋናው ጦርነት ግን "ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ" ነው። የ1973 አልበም። ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ አራት ዘፈን፤ በጠቅላላው 80 ደቂቃ ገደማ። ዘፋኙ ጆን አንደርሰን የአንድ ሕንዳዊ ዮጊ መጽሐፍ ሲያነብ ያገኛት አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ናት መነሻው። ጋሼ በዚህች ያሾፋሉ። "ከግርጌ መጣ፣ ግርጌ ይቀመጥ!" ጓደኛቸው ደግሞ ከዚህ አልበም ወዲህ ሙዚቃ አልተሠራም ባይ ናቸው።

ለጋሼ ትልቁ ምስክር ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪክ ዌክማን ነው። እሱ ራሱ አልበሙን አልወደደውም። እዚሁ ማንቸስተር፣ ፍሪ ትሬድ ሆል ውስጥ ይሄንኑ ሙዚቃ ሲያቀርቡ መድረክ ላይ ሆኖ ከሪ፣ ማለትም የሕንድ ወጥ፣ በልቷል። ራሱ ነው የሚያወራው። ረዳቱ ከዝግጅቱ በኋላ ምን እንደሚበላ የጠየቀው መስሎት የሚወደውን ይዘረዝርለታል፤ ትንሽ ቆይቶ ምግቡ ትኩሱን ከች። ኪቦርዱ ላይ ደርድሮ በላ። በዓመቱ ባንዱን ለቀቀ። ጋሼ "እዚያ ነበርኩ፣ ሽታው ደርሶኛል" ይላሉ። ጓደኛቸው "አዳራሹ ያን ሁሉ ነበርኩ ባይ አይችልም" ይሏቸዋል።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንድ ጊዜ ጋሼ ለምርመራ ሆስፒታል ሁለት ቀን አደሩ። ልጃቸው ደውላ "እስኪመለስ ቤቱን ጸዳ ጸዳ ብታደርግልን" አለችኝ። ቤቱን ነው ያለችው። እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ቡፌው ባዶ ሆኖ ነው የሚወለወለው። ምንጣፉን ጠረግኩ፣ ኩሽናውን ፈተግኩ፣ ከዚያ ከወንበራቸው አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ዓይኔ አረፈ። አሥራ አንድ የየስ አልበም። የ1972ቱ ከፊት፣ የ1969ኙ ከመጨረሻው ሁለተኛ፣ የ1980ው መሐል። ዝብርቅርቁ የወጣ ነገር። በየሽፋኑ መሐል ደግሞ ቢጫ የሆነች፣ ጠርዟ የተበላ ብጣሽ ወረቀት ተሰክታለች። አንዷን ገልጬ አየሁ። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ ቀን፣ ሁለት ፊደል። ድሮ የተገዙበት ዋጋ መሰለኝ።

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ወልውዬ ከ1969 እስከ 1983 በዓመት ደረደርኳቸው። ብጣሾቹን ጨምድጄ ከጋዜጣው ጋር ሰማያዊው የወረቀት ቆሻሻ መጣያ፣ እዚህ ቢን የሚሉት፣ ውስጥ ጨመርኩ። ራቅ ብዬም አየሁት። እንዴት ያምራል! ፎቶ እንኳ አነሳሁት። ከመንካቴ በፊት ሳይሆን በኋላ።

ጋሼ አመሻሽ ላይ መጡ። ወንበራቸው ላይ አረፍ አሉ። መደርደሪያውን አዩ። ዝም አሉ። እኔ ሙገሳ እየጠበቅኩ ቆሜያለሁ።

"ማን ነው የነካው?"

"እኔ ነኝ። በዓመት በዓመት ደረደርኩልዎት።"

"ወረቀቶቹስ?"

እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው ቀጠነ። ሆዴ ባር ባር አለኝ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከ1977 ጀምሮ አልበሞቹን በደረጃ ይደረድራሉ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከምርጡ ወደ ተራው። አንድ አልበም ቦታ የሚቀይረው ሁለቱም ሲስማሙና ወረቀቷ ላይ ሲፈርሙ ብቻ ነው። ሁለቱ ፊደሎች ፊርማቸው ናቸው። ጆን አንደርሰን የማይዘፍንበት "ድራማ" የሚባለው አልበም ሁለት ደረጃ ከፍ ለማለት አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። እኔ ዋጋ ያልኩት የአርባ ምናምን ዓመት ቃለ ጉባኤ ነው።

ቢኑ በማግስቱ ጠዋት ነው የሚወሰደው። ወጣሁ። የማንቸስተር ዝናብ እንደ ልማዱ ያካፋል። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ መብራቱን አበራሁና ቢኑን ግቢው ላይ ገለበጥኩት። የእህል ካርቶን፣ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ፣ የኤሌክትሪክ ቢል። እርጥብ ወረቀት ከእርጥብ ወረቀት ሲላቀቅ እንደ እንጀራ ነው፤ ቸኩለህ ከጎተትከው ይቀደዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አሥሯን አገኘሁ። ፎጣ ላይ ዘርግቼ በፀጉር ማድረቂያ አደረቅኳቸው። አሥራ አንደኛዋ የለችም። የቶፖግራፊክ ኦሽንስ ወረቀት።

ለቢሮ ራሴ ደውዬ ተናገርኩ። አለቃዬ "የደንበኛ ንብረት ያለፈቃድ ማንቀሳቀስ" ብላ ቅጹን ሞላች። እውነቷን ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሐሙስ ጓደኛየው መጡ። ጋሼ ጉዳዩን ነገሯቸው። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ደረቅኩ። ሰውዬው አሥሯን ወረቀት አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅም እኮ ቢን ገብቶ ነው የወጣው!" አሉኝ። አልበሙ ሲቀረጽ ቴፕ በምላጭ እየቆረጡ ነበር አሉ የሚቀጥሉት። አንዷን የመረጧትን ቁራጭ የስቱዲዮው ጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻ መስሏት ጣለቻት። ባንዱ ውጭ ወጥቶ ቢን ሲያገላብጥ አግኝቷት ቦታዋ ላይ ተቀጠለች። እስከ ዛሬ አልበሙን ስሰማ የትኛዋ ትሆን እያልኩ ነው።

ጋሼም ሲስቁ ትንሽ ተነፈስኩ። ግን ሳቁ ሲያልቅ ሌላ ጣጣ መጣ።

"ቴልስ አራተኛ ነበር" አሉ ጓደኛየው ሻያቸውን እያማሰሉ።

"ዘጠነኛ!" አሉ ጋሼ።

"ፈርመሃል።"

"ዘጠነኛ ላይ ነው የፈረምኩት።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ያነሳኸው አንተ ነህ፣ የት ነበር? እኔ የማስታውሰው ወፍራሙና ከባዱ እሱ እንደነበር ብቻ ነው። እንደምጠረጥረው ሁለቱም እውነቱን ያውቃሉ። ወረቀት በጠፋበት ግን ማን ይረታል?

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቤት ስገባ ስለ መድኃኒቱ ከመጠየቄ በፊት "እዚህ ቤት የማይነካ ምንድን ነው?" እላለሁ። መልሱ የሚገርም ነው። አንዲት እናት የቆመ ሰዓታቸውን አሳዩኝ፤ ባትሪ እንዳታስገባ አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አንድ ሌላ ሰው በር ላይ ያለ ጭቃማ ጫማ ጠቆሙኝ። ለሚተካኝ ሠራተኛም መዝገቡ ላይ ከአለርጂው ቀጥሎ እጽፈዋለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀች፤ አሁን ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምራለች።

የቴልስን ነገር ደግሞ እኔው እንድፈርደው ተወሰነ። ሦስተኛ ድምፅ። ቅድመ ሁኔታው አራቱንም ገጽ ሳላቋርጥ መስማት ነው። የጋሼ እጅ ስለማይታዘዝ መርፌውን የማሳርፈው እኔ ነኝ። አንደኛው ገጽ ሲጀምር አንደርሰን እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳይተነፍስ ቃል በቃል ላይ ይደርባል፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ዓይኔ ከበደ። ሦስተኛው ላይ፣ እግዜር ይይላቸው፣ ድስትና መጥበሻ የሚጣሉ መሰለኝ፤ መጨረሻው ላይ ግን የስቲቭ ሃው ጊታር ብቻውን ወጥቶ ቤቱን ዝም አሰኘው። አራተኛው ላይ ከበሮው ሲነሳ እግሬ ሳላዘው መታ። ጋሼ እግሬን አዩት። ጓደኛየውም አዩት።

"ግማሹ ጥሩ ነው" አልኩ።

"ይኸው!" አሉ ጋሼ። "አንድ ሸክላ ይበቃ ነበር!"

"ጥሩ ነው ብሏል እኮ!" አሉ ጓደኛየው።

አዲሷን ብጣሽ እኔ እንድጽፋት ሰጡኝ። በአማርኛ ጻፍ አሉኝ፤ ሁለታችንም ማንበብ ካልቻልን ማናችንም መደለዝ አንችልም። ቁጥሩም በግዕዝ ይሁን ተባለ። እርሳሱን ተቀብዬ ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ "፭ኛ፣ ለጊዜው" ብዬ ፈረምኩና ሸክላውን ራሴ ቦታው ላይ ከተትኩት። ምን ብለህ ጻፍክ ሲሉኝ አምስተኛ አልኳቸው። "ለጊዜው" የምትለዋን እስካሁን አልተረጎምኩላቸውም።