በእማዬ በኩል

ዛሬ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው። ምክንያት የለውም። የሐምሌ ዝናብ ይሆናል፣ ወይ እንቅልፍ ማጣት።

እንዲህ ባለ ቀን ደግሞ ስልክ አይቀርም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የፋይናንሷ እትዬ ደወሉ። "ልጄ፣ ሲስተም የለም።" እኛ መሥሪያ ቤት "ሲስተም የለም" ማለት ምንም ሊሆን ይችላል። ባለፈው ሮጬ ስደርስ ያገኘሁት የተነቀለ የስክሪን ገመድ ነው።

ዛሬ ግን እውነታቸውን ነበር። የውጭው ሁሉ ይከፍታል። የራሳችን የፈቃድ መጠየቂያ ገጽ ብቻ እምቢ ብሏል። ገጹ ያለበት ሰርቨር ከግድግዳው ማዶ ነው፤ የማራገቢያው ጩኸት እሳቸው ወንበር ድረስ ይሰማል። ፒንግ አደረግኩት፣ "አለህ?" ብሎ እንደ መጣራት ነው። ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ መለሰ። ብራውዘሩ ግን 503፣ "አገልግሎቱ የለም" ብሎ ድርቅ።

ፕሮክሲ በኛና በኢንተርኔቱ መሃል ቆሞ የሚላላክልን ኮምፒውተር ነው። ፒንግ ፕሮክሲ የሚባል ነገር አያውቅም፣ በቀጥታ ይሄዳል። ብራውዘር ግን ፕሮክሲ ከተሰጠው የገጹን ስም ራሱ አያፈላልግም። እንዳለ ያስረክብና "አንተ ፈልግልኝ" ብሎ ይቀመጣል። የኛ ፕሮክሲ ደግሞ የሚጠይቀው የውጩን ዲኤንኤስ፣ የትኛው ስም የት እንደሚገኝ የሚናገረውን ማውጫ፣ ብቻ ነው። እሱ የኛን የጓዳ ስም ከየት ያውቀዋል? የጎረቤትን ቤት ለማንኳኳት ቦሌ ድረስ ሰው ልከን፣ "እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" ተብሎ ተመለሰ ማለት ነው።

"ለውስጥ አድራሻ ፕሮክሲ አትጠቀም" የምትለዋ ሳጥን ምልክት ተደርጎባታል። ችግሩ፣ ዊንዶውስ "የውስጥ" የሚለው ነጥብ የሌለበትን ስም ብቻ ነው። ነጥብ ካየ ባዕድ ነው። በስሙ ፈንታ የሰርቨሩን አድራሻ፣ በ10 የሚጀምረውን የአይፒ ቁጥር ብትሰጠውም ያው፤ አይፒም ነጥብ አለው። ባለፈው ሳምንት ለገጹ ነጥብ የበዛበት ረጅም ስም ያወጣንለት ደግሞ እኛው ነን።

ስሙን ኮፒ አድርጌ በፕሮክሲ የማያልፉት ዝርዝር ላይ ጨመርኩት። አልሠራም። ደገምኩ። አልሠራም። እትዬ ቀስ ብለው "ዝናቡ ይሆን እንዴ?" አሉኝ። ለካ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው። በስሞቹ መሃል የእንግሊዝኛውን መለያ ትቼ የኛን ድርብ ሰረዝ "፤" ስደረድር ነበር። ለእትዬ አልነገርኳቸውም። "ትንሽ ውስብስብ ነው" አልኩ።

ከፈተ። መርቀውኝ ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁኝ። "በቀጥታ መሄድ እየተቻለ ለምን በሰው ይላካል ታዲያ?"

ስለ ደህንነት ልዘረዝር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አባባ ትዝ አለኝ።

አባባን በቀጥታ ያናገርኩት መቼ ነው? እማዬ ጋ እደውላለሁ። "አባባስ?" "ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል።" መቼ ነው ያለው? ዞር ብላ እንኳ አልጠየቀችውም። አንዳንዴ እቤትም የለም። ፕሮክሲም ይህ ዐመል አለው፤ አንዴ ያመጣውን ገጽ ቅጂውን ያስቀምጥና ሌላ ቀን ሲጠየቅ ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣል። የአባባ "ሰላም" የስንት ወር ቅጂ እንደሆነች እንጃ።

ድሮም እንዲሁ ነበርን። ሦስታችን አንድ ትሪ ከበን፣ እማዬ "ልጅህ ጫማው ተቀዷል" ትለዋለች። እሱ ወደ እሷ እያየ "ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን በይው" ይላል። እኔ እዚያው ነኝ! እየጎረስኩ! ጉልበቴ ጉልበቱን ይነካል። እሷም ዞር ብላ "ቅዳሜ ገበያ ትወጣላችሁ" ትለኛለች። እኔም "እሺ" የምለው ለእሷ ነው።

ተጣልተን አይደለም። እንዲያው ሲሠራ የኖረ መንገድ ስለሆነ ማንም አልነካውም።

እማዬ ደግሞ ታጣራለች። "ምን ሆኖ ነው የማይመጣው ይሄ ልጅ?" ያለውን "ናፍቀኸዋል" አድርጋ ነው የምታደርሰው ብዬ እጠረጥራለሁ። ወይም ሁለቱንም ብሎ ይሆናል። የፕሮክሲን ሎግ ከፍቼ ማን ምን እንደጠየቀ በሰከንድ ማየት እችላለሁ። የእማዬን ሎግ ማን ይከፍተዋል? ለፋሲካ ጉልበቱን አሞት ነበር። "አሁን ደህና ነው" ተባልኩ። እስከ ዛሬም ደህና ነው።

ማታ ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩ አለኝ፣ ለምን አልደውልለትም? በስሙ ፈለግኩት፣ የለም። "አባባ" ብዬም ፈለግኩ፣ የለም። ወደ ታች ስወርድ አገኘሁት። ያስቀመጥኩት "እማዬ 2" ብዬ ነው። የእሷ ስልክ ሲዘጋ መደወያ።

አልደወልኩም። 3 ሰዓት አልፏል፣ እነሱ በጊዜ ነው የሚተኙት። ተኝተው ባይሆን ኖሮ እደውል ነበር? ተዉኝ እስቲ።

ትንሿ እህቴ እንደ ልማዷ ይህን ጽሑፍ ነገ እራት ላይ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ጉልበቱን እንዴት እንዳደረገው ጠይቂልኝ። "እማዬ 2" የምትለዋን ግን ዝለያት።